መስታወት የሚበሳው ብረቱ አይደለም

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል። አባባሉ ስለ ወዳጅነትና ስለ አደራ ሲነገር ኖሯል፤ እኔ ግን መስታወት ቆራጭና የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆንኩ የምሰማው ቃሉን እንዳለ ነው። ብረት ቢጎብጥ ይቃናል፣ እንጨት ቢሰነጠቅ ይጣበቃል። መስታወት ግን አንዴ ከነቃ ንቃቱ ራሱ መንገዱን እያወጣ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ታዲያ ይህን የመሰለ ክፉ ነገር በስቶ፣ በቀዳዳው ቧንቧ አሳልፎ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ ዓመታት እንዲቆም የማድረግ ጥበብ ከየት መጣ? ይህን የምጽፈው የጥበቡ ታሪክ ግማሹ በሩቅ አገር፣ ግማሹ ደግሞ እዚሁ በጎጃም ቤቶች፣ በእናቶቻችን እጅ ውስጥ እንደኖረ ስለማምን ነው።

የምሠራው ሽንዲ ነው። ወንበርማ ውስጥ በርበሬና በቆሎ ተሽጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ የሣንቃ መስኮት የነበረው ቤት በመስታወት ይለወጣል፤ ጓሮ ውስጥ ሮቶ ይቆማል፤ ቦኖ ወርዶ በጀሪካን ሲቀዳ የኖረው ሰው ቧንቧ ወደ ግቢው ያስገባል። እኔም ከዚህ ሥራ ነው የምበላው። አንድ የባዮሎጂ መምህር በደብተር ወረቀት ላይ የሣለውን ይዞልኝ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። ሥዕሉ የመስታወት ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ሥር ሌላ ሣጥን አለ። ውሃው ከላይኛው በቀዳዳ እየተረፈ ይወርዳል፣ ከታች ተጣርቶ በትንሽ ፓምፕ ተገፍቶ በሌላ ቀዳዳ ይመለሳል። ተማሪዎቹ ቀረሶና አምባዛ በሕይወት እያለ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ክንፉን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ በጎን በኩል እንዲያዩ ፈልጎ ነው።

«ጋሼ፣ መስታወት ግን ይበሳል?» አለኝ።

«ይበሳል» አልኩት። ይህን ያልኩት ከተማ ሄጄ ስላየሁ አልነበረም። የተኮሰ ሸክላ ሲበሳ እያየሁ ስላደግሁ ነው።

እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች። አረቄ ሲወጣ አይቶ የማያውቅ አንባቢ ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሾው፣ ብቅሉና እህሉ ተዋህዶ ድፍድፉ ሲደርስ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይገባና ከእሳት ላይ ይጣዳል። የማሰሮው አፍ ይደፈናል፤ በተከደነው ላይ ግን ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ባዶ መቃ ይገባል፤ የመቃው ሌላ ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል። መጋጠሚያው ሁሉ በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። እሳቱ ልኩን ሲይዝ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ማቀዝቀዣው ውሃ ለብ ሲል ይቀየራል። ምርጊቱ ከላላ ድካሙ ሁሉ በእንፋሎት ይሄዳል። በኋላ በብዙ ቤት መቃውን የመዳብ ቱቦ ተካው፤ ማሰሮውም በርሜል ሆነ። ሐሳቡ ግን አልተለወጠም፤ ዕቃ ይበሳል፣ በቀዳዳው ቱቦ ይገባል፣ ዙሪያው ይታሸጋል። ይህንን ማንም የቧንቧ ሠራተኛ የሥራው ሁሉ ሥር እንደሆነ ያውቃል። ጎጃም ውስጥ የቧንቧ መገጣጠሚያ በሱቅ ከመሸጡ በፊት የነበሩት የቧንቧ ባለሙያዎች አረቄ አውጪ ሴቶች ናቸው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

የተበሳው ክዳን ሲሰበርና ከገበያ የመጣው ያልተበሳ ሲሆን እናቴ ራሷ ትበሳው ነበር። ሸክላውን ውሃ ውስጥ አሳድራ ታወጣዋለች። በሚበሳው ቦታ ዙሪያ በሊጥ ቀለበት ትሠራና ውስጡን ውሃ ትሞላዋለች፤ ቆንጠር አድርጋ አሸዋ ትጨምርበታለች። ከዚያ የተሰበረ የሞረድ ጫፍ ታቆምበትና በሁለት መዳፏ መሐል ታሽከረክረዋለች። መርገጥ የለም፣ መምታት የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ቶሎ እንዲያልቅ ስጫነው እጄን ታነሳና «ተው፣ ክብደቱ ይበቃዋል» ትለኝ ነበር። ውሃው በሸክላው ብናኝ ሲቀላ ትደፋውና ሌላ ትሞላለች። ሊበሳ ሲቃረብ ገልብጣ ከወዲያኛው ወገን ትጀምራለች፤ እንዲያ ካልሆነ የቀዳዳው ከንፈር ይሸረፋል።

ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራት። የምትሠራው ገና ጭቃ እያለ ነው የምትበሳው። በልጅነቴ እናቴ ወደ እሷ ልካኝ ቀዳዳው ለምን እንዲህ ሰፋ ብዬ ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ይጠባል፤ የዛሬውን ቀዳዳ የምበሳው ለነገው መቃ ነው» አለችኝ። እነዚህ ሁለት ሴቶች የሠሩት ሥራ በዓለም ታሪክ ውስጥ ያሉት ሁለቱ መንገዶች ናቸው። አንዱ ነገሩ ሳይጠነክር መብሳት ነው፤ ሌላው ከጠነከረ በኋላ እየፈጩ መግባት ነው። 

ሁለተኛውን መንገድ የጥንት ግብፆች ሩቅ አድርሰውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት አካባቢ የጊዛ ፒራሚዶች ሲሠሩ ብረት የሚባል መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም፤ የነበራቸው መዳብ ነው። በዚያ መዳብ ግን ግራናይት በስተዋል። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ ፒራሚዶቹን ሲለካ፣ በቱቦ የተበሱ ድንጋዮችንና ከቱቦው ውስጥ የወጡ ክብ የድንጋይ ፍሬዎችን አግኝቶ ጽፎባቸዋል። በኋላም ዴኒስ ስቶክስ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ የመዳብ ቱቦና አሸዋ ይዞ ግራናይት በመብሳት ነገሩ እንደሚሆን በእጁ አሳይቷል።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ ማዕድናትን በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ደረጃ አወጣላቸው። መዳብ 3 አካባቢ ነው፤ መስታወት 5 ተኩል ገደማ፤ ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን 7፤ አልማዝ 10። ስለዚህ መዳብ ድንጋዩን አይቧጭረውም፤ አሸዋው ግን ይቧጭረዋል። መዳቡ ለስላሳ በመሆኑ የአሸዋው ቅንጣት ሰውነቱ ውስጥ ይሰነቀርበታል፤ ቱቦው ሲሽከረከር ቅንጣቶቹን ይዞ ይዞራል። ቱቦ መሆኑም ዝም ብሎ አይደለም፤ መሐሉን ትቶ ዙሪያውን ብቻ ስለሚፈጭ ድካሙ ያንሳል። የሚበሳው ብረቱ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ብረቱ ተሸካሚ ነው። በመስታወት ሱቅ ውስጥ ይህን ሳይረዳ ትራፓኖ ያነሣ ልጅ ጉልበቱን ያምናል፤ ጉልበት ደግሞ መስታወት ላይ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

መስታወት ወደ አገራችን የገባው ከጥንት ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የተለያየ ዓይነት መስታወትና በግብፅ ዲዮስጶሊስ የሚሠራ የከበረ ድንጋይ አስመስሎ የወጣ መስታወት እንዳለ ይዘረዝራል። በአክሱም መቃብሮች ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974፣ ዴቪድ ፊሊፕሰንም በ1990ዎቹ ባካሄዷቸው ቁፋሮዎች የመስታወት ዕቃዎች ወጥተዋል። በዚያ ዘመን ቀዳዳ ያለው መስታወት ማለት በአብዛኛው ዶቃ ነበር። ዶቃ ግን ከጠነከረ በኋላ አይበሳም፤ የቀለጠው መስታወት በዘንግ ላይ ይጠመጠማል ወይም እንደ ቱቦ ተስቦ ይቆራረጣል። እንግዲህ የሸክላ ሠሪዋ መንገድ ነው። ብርሌም እንዲሁ በትንፋሽ ተነፍቶ አፉ በሙቀቱ የወጣለት ዕቃ ነው። በሺህ ዓመታት ውስጥ ለኢትዮጵያ ቤት የደረሰው መስታወት አብዛኛው ቀዳዳው ከውጭ ተሠርቶለት የመጣ ነው፤ እዚህ የተበሳ አይደለም።

ለምን ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ችሎታው አልጠፋም፤ እናቴ ሸክላ የምትበሳበት ዘዴ መስታወትም ይበሳል። የጠፋው ክብሩ ነው። ጎጃም ውስጥ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸማኔው እንዴት ይጠራ እንደነበር ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ቡዳ ይባል ነበር፣ ጠይብ ይባል ነበር፣ ልጁን ማንም አያገባውም ነበር፤ በብዙ ቦታም ርስት አልነበረውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል እንደነበረ ይናገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ደግሞ ርስት ያልነበረው ባለሙያም መሬት እንዲያገኝ በር ተከፈተ። ነገር ግን የተናቀ ሰው ጥበብ አይጻፍም። የጎጃምን የቅኔ ቤት መምህራን እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ ድረስ መቁጠር የሚችል ሰው፣ የበላበትን ወጭት የሠራችውን ሴት ስም አያውቅም። ይህ ለእኔ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ቅኔውንም ሸክላውንም እኩል የምወድ ሰው ነኝና።

ውሃን በመንገድ መምራት ግን የታወቀና የተከበረ ሥራ ነበር። ጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ውሃ የሚሞላው ከቀሐ ወንዝ በቦይ ተመርቶ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍም ይፈስሳል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በብረት ቧንቧ ውሃ አወረደ። ውሃ ቆላ ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል መባሉን ብዙ ሰው አላመነም ነበር ይባላል፤ ከምንጩ ከፍታ እስካላለፈ ድረስ ግን ይወጣል። በሁለቱም ሥራ ውሃው መጥቶ ይሄዳል። ተመልሶ አይመጣም። የመምህሩ ሣጥን አዲስ ነገሩ መመለሱ ነው።

የዓሣ ሣጥን፣ በዛሬው አጠራር አኳሪየም፣ ያን ያህል የቆየ አይደለም። ቻይናዎች በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ ወርቃማ ዓሣ በኩሬ ያረቡ ነበር፤ በኋላም በሸክላ ገንዳ አኖሩት። ነገር ግን በሸክላ ውስጥ ያለ ዓሣ ከላይ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጀርባውን እንጂ ሆዱንና ስንጥቡን ማየት አይቻልም። ዓሣን በጎን ለማየት መስታወት የግድ ነበር። ይህን ለምርምር ያደረገችው ዣን ቪልፕሬ ፓወር የምትባል ፈረንሳዊት ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1832 የባሕር እንስሳትን በመስታወት ሣጥን አስቀምጣ አጥንታለች። እሷም በመርፌና በክር የምትኖር የእጅ ባለሙያ እንደነበረች ሳስብ ደስ ይለኛል።

እንግሊዝ አገር በመስታወት ላይ ተጥሎ የነበረው ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1845 ሲነሳ መስታወት ረከሰ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም ያሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በየቤቱ አስገባው። የብዙዎቹ ዓሣ ግን ሞተ። ውሃው ቆሞ ይበከላል፣ አየር ያንሰዋል።

የመመለሻ ቧንቧ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱም ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1864 የተከፈተውን የሐምቡርግን አኳሪየም፣ በ1871 ደግሞ የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ አኳሪየም በራሱ ሐሳብ አሠራ። ከሚታዩት ሣጥኖች ሥር ጨለማ የሆነ ትልቅ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከታች ያለው ውሃ ከላይ ካለው እጅግ ይበልጣል። ጨለማ ስለሆነ አረንጓዴው ዝቃጭ አይበቅልበትም፤ መሬት ውስጥ ስለሆነም ይቀዘቅዛል። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ሌትና ቀን ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው በሣጥኖቹ አልፎ ተመልሶ ይወርዳል። ብረት የባሕር እንስሳትን ስለሚመርዝ ፓምፑንና ቧንቧውን ከጠነከረ ጎማ አሠራው። በ1874 የተከፈተው የኔፕልስ የባሕር ምርምር ጣቢያ አኳሪየምም የተሠራው በእሱ ምክር ነው። ዛሬ ማንም ሰው ከሣጥኑ ሥር ሌላ ሣጥን ሲያስቀምጥ የሎይድን ሥራ አሳንሶ መድገሙ ነው።

ሎይድ ግን መስታወት አልበሳም። የእሱ ዘመን ትልልቅ ሣጥኖች በአብዛኛው ጎናቸውና ወለላቸው ድንጋይ ነበር፤ መስታወቱ ፊት ለፊት ብቻ ነው። የሚበሳው ድንጋዩ ነው። ሣጥኑ በሙሉ መስታወት እንዲሆንና መስታወቱም እንዲበሳ ሌሎች ነገሮች መምጣት ነበረባቸው። ከእነዚህ የሚበልጠው የአልማዝ ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሮዶልፍ ሌሾ የተባለ ሰው በቱቦ አፍ ዙሪያ አልማዝ ተክሎ ዓለት ለመብሳት አዋለው። ከግብፆቹ መዳብ ጋር ብናስተያየው ቅርጹ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቅንጣቱ ከቱቦው ጋር አብሮ መኖሩ ብቻ ነው። በ1891 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን ካርቦራንደምን በኤሌክትሪክ ሙቀት ሠራ፤ አሸዋን የሚያስንቅ መፍጫ ሆነ። በታኅሣሥ 1954 ደግሞ ትሬሲ ሆል በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ሰው ሠራሽ አልማዝ አወጣ። አልማዝ ከንጉሥ ዘውድ ወርዶ ለግንበኛና ለመስታወት በሺ በርካሽ የተዳረሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዞቹ ፒልኪንግተኖች የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፍፈው ፍጹም ጠፍጣፋ የሚያደርጉበትን ዘዴ ይፋ አደረጉ፤ ዛሬ ሽንዲ ድረስ የሚመጣው የመስኮት መስታወት በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። በ1960ዎቹም የሲሊኮን ማጣበቂያ በገበያ ሲስፋፋ በብረት ፍሬምና በማስቲሽ ይያዝ የነበረው ሣጥን መስታወት ከመስታወት ተጣብቆ መቆም ቻለ።

የመምህሩን ሣጥን የሠራሁት አንድ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ስፋትና 50 ሳንቲ ቁመት አድርጌ በ10 ሚሊ መስታወት ነው። እስከ አፉ ሲሞላ 200 ሊትር ይይዛል። ሁለት ኩንታል ማለት ነው፤ ስለዚህ መቆሚያው በብረት ተበየደ። መጀመሪያ የምናጣራው መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ አለመሆኑን ነው። የመኪና የጎን መስታወት የዚያ ዓይነት ነው፤ ላዩ ተጨምቆ ውስጡ ተወጥሮ ስለሚኖር አንድ ቦታ ሲነካ በሙሉ ወደ ፍርፋሪ ይለወጣል። በምንም ዓይነት ቱቦ አይበሳም። ለማወቅ መስታወቱን ከበራ የላፕቶፕ ስክሪን ፊት አቁሞ፣ ነጸብራቅ በሚቆርጥ የፀሐይ መነጽር ማየት ነው፤ የጠነከረው ጥላ ጥላ ያለው መስመርና ነጠብጣብ ያሳያል።

የአልማዝ ቱቦውን ከአዲስ አበባ እስካስመጣ ድረስ ታሪኩን በእጄ ማየት ስለፈለግሁ፣ በቁርጥራጭ መስታወት ላይ የግብፆቹን ዘዴ ሠራሁበት። ቁራጭ የመዳብ ቧንቧ፣ ቡሬ ካሉ መካኒኮች ያገኘሁት የቫልቭ ማሻ ቅባት፣ ውሃና ቀስ ብሎ የሚዞር ትራፓኖ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ወሰደ፣ ግን በሳ። ከቱቦው ውስጥ የወጣችው ክብ የመስታወት ፍሬ ዛሬም ሱቄ መደርደሪያ ላይ አለች፤ ደንበኛ ሁሉ ያነሣታል። ዋናውን ግን የበሳሁት በአልማዙ ነው። የቀዳዳው ዳር ከመስታወቱ ዳር ቢያንስ የራሱን የቀዳዳውን ስፋት ያህል መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከቀረበ ውጥረቱ ዳሩን ይከፍተዋል። አልማዙ ሲነሣ እንዳይንሸራተት ክብ የተበሳ ጣውላ እንደ መሪ አድርጌ አሠርኩ። በዙሪያው ከሊጥ ቀለበት ሠርቼ ውሃ ሞላሁ። ትራፓኖው በዝግታ ይዞራል፣ ክብደቱ ይበቃዋል። ውሃው እንደ ወተት ሲነጣ ይቀየራል። ውሃው ለማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፤ ሳንባ ውስጥ የሚገባውን የመስታወት ብናኝም ይይዛል፤ በደረቁ የሚበሳ ሰው ጤናውን እየሸጠ ነው። ሊያልቅ ሲል ገልብጬ ከወዲያ ጨረስኩት።

በቀዳዳዎቹ ያሳለፍኩት ሮቶ ስንበሳ የምንጠቀምበትን ከውስጥና ከውጭ የሚጠብቅ መገጣጠሚያ ነው። የጎማው ቀለበት በውስጥ በኩል ይሆናል፤ የሚጠብቀውም በእጅ እንጂ በቁልፍ አይደለም። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ የሌለበት፣ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መሆን አለበት፤ መድኃኒት ያለበት ዓሣ ይገድላል።

ከዚያ በኋላ የቀረው የመብራት ነገር ነው፤ እዚህ አገር የሚሠራ ሰው ይህን ካላሰበ ምንም አላሰበም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። በመመለሻው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች መሳብ ይጀምራል፤ የላይኛውንም ውሃ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ የመመለሻው አፍ ከውሃው ፊት ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል፤ ቧንቧው ላይም ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ ይበጃል። ውሃው ሦስት ሳንቲ ብቻ ቢወርድ በዚህ ሣጥን 12 ሊትር ይሆናል። የታችኛው ሣጥን ሁልጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ዓሣው ከመግባቱ በፊት መምህሩ ራሱ ሶኬቱን እየነቀለና እየሰካ እንዲሞክረው አደረግሁ፤ ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆመው ውሃው የት ላይ እንደሚቆም በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከዚያ የበለጠ የፊዚክስ ትምህርት የለም።

ይህ ሁሉ ለዓሣ ነው ወይ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አዎ፣ ለዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ያሉት ነጭ ዓሣዎች ለብዙ ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ናጌልከርክና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ ጥርሳቸውንና አበላላቸውን አስተያይተው 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ስለለያቸው እዚያው ጣና ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። እንዲህ ያለ ሀብት ያለበት ክልል ልጅ ዓሣን የሚያውቀው በመጥበሻ ላይ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። በጎን ያየው ልጅ አፉ ወደ ላይ የዞረውንና ወደ ታች የዞረውን ይለያል፤ ለምን ብሎም ይጠይቃል።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያላችሁ የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ እናንተን የምለምነው ነገር አለኝ። ቧንቧና ግንባታ ስታስተምሩ የመስታወት መብሳትን ጨምሩበት፤ ለመጀመሪያው ትምህርት አልማዝ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ቁራጭ መዳብ፣ የቫልቭ ማሻ ቅባትና ውሃ ይበቃል። በአካባቢያችሁ ያለችውንም አረቄ አውጪና ሸክላ ሠሪ ወደ ክፍል ጥሩና ዕቃቸውን እንዴት እንደሚበሱና እንደሚመርጉ በተማሪዎቻችሁ ፊት ያሳዩ። ብዙዎቹ አርጅተዋል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ከማን እንደተማሩ በመዝገብ ላይ ጻፉልን።